እናቴ ሰይጣኔን የጠየቀችው ጥያቄ

ያን ቀን እናቴ ገና ሳይነጋጋ ቀሰቀሰችኝና ውሃ እንኳን እንዳልቀምስ አስጠነቀቀችኝ። ወዴት እንደምንሄድ ሳትነግረኝም ገባኝ... ጸበል ልትወስደኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘመኑ ደርግ፣ እኔ አስራ ስድስት ዓመቴ፣ ቤታችን ብስራተ ገብርኤል። ታላቅ ወንድሜ ታደለ ላምባ ሊገዛ እንደወጣ በአፈሳ ተይዞ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ከማሰልጠኛ አንድ ደብዳቤ ላከ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ሄደ ተባለ፣ በቃ... ድምፁ ጠፋ። አባታችን ቀደም ብሎ ሞቷል። እናቴ የቀራት ገብርኤል ነበር። ጃንጥላ ተሳለች፣ ጾመች፣ ጉልበቷ እስኪያብጥ ሰገደች።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት እንዴት እንዳወጣቸው ሲሰበክ ሰምተን ስንመለስ፣ ታደለንስ ለምን አላወጣውም አልኳት። ነጠላዋን አጥብቃ መንገዷን ቀጠለች። ይሄ አናደደኝና ጨረስኩት። እግዜር የሚባል ያለ አይመስለኝም፣ ካለም እኛን አያውቀንም አልኳት።

ጎረቤቱ ሁሉ ካድሬዎቹ ውይይት ክበብ ያስተማሩኝ መስሎት ነበር። ኧረ እኔ ውይይት ክበብ እንቅልፌን ነበር የምለጥጠው። ጥያቄው የራሴ ነው፤ እናቴ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና ስታለቅስ እየሰማሁ የመጣ። የክርስትና እናቴ ግን ነገሩን እንደሰማች ፈረደች። ይሄ የልጅ ቃል አይደለም፣ አንድ ነገር ይዟታል አለች።

ጸበሏ ከላፍቶ ወዲያ፣ ያኔ እርሻ ብቻ በነበረበት፣ ገደል ሥር ነበረች። ስሟ ይቅር። የጥር ብርድ ተጨምሮበት ውሃው አጥንት ይሰብራል። አጥማቂው አባ በአንድ እጃቸው መስቀል፣ በሌላው ጣሳ ይዘው እላዬ ላይ እያፈሰሱ «ማነህ? ተናገር» ይላሉ። እኔ ዝም። ምን ልበል... እኔው ነበርኩ።

ችግሩ ዝም የሚል ሰው አይለቀቅም። ከጎኔ የነበረችው ሴትዮ ጮኻ፣ ለፍልፋ፣ እወጣለሁ ብላ ምላ ወደ ቤቷ ሄደች። እኔን ግን ያለባት ድዳ መንፈስ ነው አሉኝ፤ እሱ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው ተባለ። በአንዲት ሣር ቤት መሬት ላይ እያደርን፣ በቀን አንዴ ቆሎ እየቆረጠምን ከረምን። እናቴ የጉልት ንግዷን ትታ አብራኝ ትንቀጠቀጣለች። እየመነመነች ሄደች። ታደለን ባጣንበት ዓመት እሷንም እንዳላጣት ፈራሁ። እናም አንድ ጠዋት ጣሳው እላዬ ላይ ሲወርድ... ጮኽኩ።

«ዓይነ ጥላ ነኝ» አልኩ ድምፄን አጎርንኜ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወንዝ ዳር ነው የያዝኳት፣ ትምህርቷን ላበላሽ፣ ከእናቷ ላጣላት ብዬ ነው... ከሌሎቹ የሰማሁትን ሁሉ ደረደርኩት። ሰዉ እልል አለ። በልቤ፣ ተገላገልን፣ ዛሬ ቤታችን ነን አልኩ።

ይኼኔ እናቴ ሰው ገፍታ መጥታ እግሬ ሥር ተደፋች። ሰይጣን የተሰወረውን ያያል ይባላል አይደል... የሰማዩን ለምና ለምና መልስ ስታጣ የእኔን ሰይጣን ልትጠይቅ መጣች።

«አንተ... የማታየው የለም ይላሉ። ልጄ አለ? ታደለ በህይወት አለ?»

እልልታው ቆመ። የለም ብላት እዚያው ትቀርብኛለች። አላውቅም እንዳልል፣ ሰይጣን አላውቅም ይላል እንዴ?

«አለ» አልኩ። «በህይወት አለ።»

እናቴ ደስታዋን ሳትጨርስ አባ ቆጣ ብለው ሰይጣን አይጠየቅም አሏት። የሐሰት አባት ነው፣ እውነት ተናግሮ አያውቅም አሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፣ የተማሩትን ነው የተናገሩት። እናቴ ግን ቀስ ብላ ቀና አለች። ነገሩ ሲገባት ፊቷ ላይ አየሁት... አለ ያለው ሐሰተኛ ከሆነ...

«የለማ» አለችና ደረቷን መምታት ጀመረች።

ዘልዬ አቀፍኳት። እማዬ እኔ ነኝ፣ ምንም የለብኝም፣ ቤታችን እንድንሄድ ብዬ ነው የቀጠፍኩት አልኳት። አባ ራሳቸውን ነቀነቁ። አያችሁት፣ ተደበቀ አሉ። ሌላ ጣሳ ተቀዳ። እናቴ ግን እጇን አንስታ ከለከለቻቸው፤ ነጠላዋን አልብሳኝ ይዛኝ ወጣች።

በታጨደው የጤፍ ማሳ መሀል ብዙ ሄድን። ሀና ማርያም ከሩቅ ከምትታይበት ዳገት ላይ ስንደርስ እናቴ ቆመች።

«ሰይጣኑ ይቅር» አለች። «በዚያ ውሃ ሥር ማንም ይቀጥፋል። ቤታችን ውስጥ ግን ዋሽተሽኝ አታውቂም። እግዜር የለም ስትዪ እንኳን ፊት ለፊት ነው የነገርሽኝ። እስቲ አንቺው ንገሪኝ... ልጄ አለ?»

ዓይኗን ማየት አቃተኝ። የማውቀው ነገር አልነበረም። እንዲኖር ግን ከምንም በላይ እፈልግ ነበር።

«አለ፣ እማዬ» አልኳት።

ጸሎት የሚሉት ነገር ከአፌ የወጣው በህይወቴ ያኔ ብቻ ነው... እሱም አልተሰማም።