«አይሰራም በሽታ አይደለም» ይል የነበረው ሙሌ

ኧረ ይሄ ነገር ውሸት በሆነ።

ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ገና ሳልቀመጥ የእድራችን ጸሐፊ ጋሽ ተፈራ ገቡ። የቀብር ማስታወቂያ ሊያጽፉ ነው። እጄን ኪቦርዱ ላይ አድርጌ እንደ ሁልጊዜው «ደግሞ ማን ሞተብን ጋሼ?» አልኳቸው።

«ሙሉጌታ ነው ልጄ። ጎረቤትሽ።»

«ትናንት እኮ አብረን ነው የዋልነው!» ብዬ ጮህኩባቸው፣ እሳቸው ያጠፉ ይመስል።

ለማታውቁት፣ ሙሌ አቃቂ በሰቃ ከኔ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግን ጓደኛዬ ነበር። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባ በኋላም ሱቁንም እድራችንንም አልለቀቀም። «ነበር» ብሎ መጻፉ ራሱ ያናድዳል።

ሙሌን መቻል ከባድ ነው፤ ሞተ ብዬ አልዋሽም። ኮምፒውተራችሁን ተሸክማችሁ ሄዳችሁ «አይሰራም» ካላችሁት እጁን አጣጥፎ ያያችኋል። «አይሰራም በሽታ አይደለም። ምን አደረግሽ? ምን ጠበቅሽ? ምን ሆነ?» ይህን ሳትመልሱ ካቻቢቴ አያነሳም። ግድግዳው ላይ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚል ወረቀት ለጥፏል። ያተምኩለት እኔ ነኝ።

የኔ ኮምፒውተር ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም የጫነውም እሱ ነው። የደንበኛ ፍላሽ በተሰካ ቁጥር በቫይረስ ስሰቃይ አይቶ «ይሄ ነጻ ነው፣ ቫይረሱም እንዲህ አይጫወትብሽም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ቫይረሱ ቀረ። በምትኩ ሳጥን መጣ።

ሳጥን ስላችሁ፣ አማርኛ ጽፌ ፕሪንት ሳደርግ ስክሪኑ ላይ ፊደሉ ደህና ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን አድምቄ ቦልድ ያደረግኩት ርዕስ ባዶ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይወጣል። አንዲት እናት የልጃቸውን የሠርግ ጥሪ አገላብጠው አይተው «ሙሽሮቹ የት ገቡ?» ብለውኛል።

ሌላ ሰው ቢሆን ፎንቱን ቀይሮ ይገላግለኝ ነበር። ሙሌ ግን «ለፕሮግራሙ ሠሪዎች ሪፖርት መደረግ አለበት» ብሎ ወንበር ስቦ ቁጭ። ደንበኛ ተሰልፎ! አንዱን ገጽ ደጋግሞ ያሳትመኛል። ቶሎ እንዲያልቅ ብዬ ፎንቱንም መጠኑንም አንድ ላይ ስቀይር ጮኸብኝ።

«አንድ ነገር ብቻ! ሁለት ክኒን አብረሽ ውጠሽ የቱ እንዳዳነሽ በምን ታውቂያለሽ?»

«ወረቀቴን ጨረስከው እኮ!»

«ጀርባው ባዶ ነው፣ ገልብጪው።»

በመጨረሻ ደረሰበት። ሳጥኑ የሚመጣው ጽሑፉ ቦልድ ሲሆንና ከፒዲኤፍ በቀጥታ ሲታተም ብቻ ነው። አንድም ሳይቀር ጽፎ በኢንተርኔት ላከላቸው።

መልስ መጣ፤ «እኛ ጋ አልታየም»። ሙሌ ሊፈነዳ ደረሰ። «እነሱ ጋ ማን በአማርኛ ያትማልና ይታያል?» ፎቶ ጨምሮ መለሰላቸው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው አውቶማቲክ መልእክት ብቻ ነው፤ ችግሩ እንዳለ የሚያረጋግጥ ሰው ከሌለ ሪፖርቱ ይዘጋል ይላል። እሱም መልእክቱ በመጣ ቁጥር እኔ ጋ ገብቶ፣ ወረቀት አስፈጅቶ፣ «አልተፈታም» ብሎ ይጽፋል። በቃ ተወው ስለው «እኔ ዝም ካልኩ የሌለ ነው የሚመስላቸው» ይለኝ ነበር።

እንግዲህ ይሄው ሰውዬ ነው ሰሞኑን ደረቱን ይዞ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ያየሁት።

«ምነው ሙሌ?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም? የት ጋ ነው? መቼ ጀመረህ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ነው፣ ይተወኛል።»

ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ብጨቀጭቀው «አንቺ ደግሞ ታካብጃለሽ» አለኝ። አሁን ከለቅሶ ቤት መመለሴ ነው። ሚስቱም እያለቀሰች የምትለው ይሄንኑ ነው። «ስጠይቀው ደህና ነኝ አለኝ፣ ስጠይቀው ደህና ነኝ አለኝ።»

ኤጭ! እኛ አገር ሰው አልጋ ላይ ወድቆም እንዴት ነህ ሲሉት «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሱ። ይመስገን፣ ማን ከለከለ። ግን እባካችሁ ከምስጋናው ቀጥሎ አንድ ቃል ጨምሩበት። እዚህ ጋ ያመኛል በሉ።

ወደ ጠዋቱ ልመለስ። ማስታወቂያውን ጻፍኩ። ስሙን ከላይ በትልቁ ቦልድ አደረግኩት። ልቤ እዚያ የለም፣ ከፒዲኤፉ በቀጥታ አተምኩት። ጋሽ ተፈራ ወረቀቱን አንስተው መነጽራቸውን አስተካከሉና «ልጄ፣ ስሙ የለም እኮ» አሉኝ።

ሳጥን ብቻ ነበር። እዚያው ወንበሬ ላይ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ሙሌ፣ አታስብ፣ ሌላ አትሜያለሁ፤ ስምህ አምሮ ወጥቷል። የተበላሸውን ግን አልጣልኩትም። ፎቶ አንስቼ ሪፖርትህ ላይ አያያዝኩት። ከሥሩም እንዳስተማርከኝ ጻፍኩ። ምን አደረግሁ፦ የጓደኛዬን ስም አተምኩ። ምን ጠበቅሁ፦ ስሙን። ምን ሆነ፦ ባዶ ሳጥን። አልተፈታም።

እንዳይዘጉት ከእንግዲህ እኔ እመልስላቸዋለሁ። አንተ ግን ለማታውቃቸው ሰዎች ይህን ሁሉ ስትጽፍ፣ ለእኛ አንዲት ቃል ብትነግረን ምን ነበረበት? በጣም ነው የተናደድኩብህ።

ደህና ሁን፣ የኔ ጨቅጫቃ። እዚያም እንዴት ነህ ሲሉህ፣ እባክህ እውነቱን ንገራቸው።