የተሰፋ አልይዝም

ሚሊኒየሙ ሊገባ ሰሞን፣ ሰው ሁሉ ከውጭ ወደ አዲስ አበባ ሲጎርፍ፣ እትዬ ውባንቺ ብቻዋን ወደ ውጭ ልትወጣ ተነሳች። እትዬ ውባንቺ መርካቶ በርበሬ ተራ ዕድሜዋን ሙሉ በርበሬና ኮረሪማ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። በዚያው በርበሬ ልጆቿን አሳድጋ ድራለች፣ ባሏን ቀብራለች። እኔ ከመደቧ ፊት ለፊት ሻንጣ እሸጣለሁ። «እትዬ በለኝ፣ አንቱ ግን እንዳትለኝ፤ ባህር ሳላይ አታስረጀኝ» ስላለችኝ አንቺ ነው የምላት።

የባህሩን ነገር ያመጣው ቡርሃን ነው። ቡርሃን ከባንኮክ ልብስ እየጫነ የሚያመጣ ነጋዴ ነው። አንድ ቀን እኔ ጋ ሻንጣ ሊገዛ መጥቶ እዚያ ስላለው ባህር ሲያወራ፣ እሷ በርበሬዋን እያበጠረች ሰማችው።

«ውሃው ይሞቃል?»

«ይሞቃል ይላሉ። እኔ እንኳን አላየሁትም እትዬ፣ ጊዜ የት አለ? ጨርቄን ጠቅልዬ እመለሳለሁ።»

«ይሄን ሁሉ ተመላልሰህ ባህሩን ሳታይ? አንተ የሄድከው መርካቶ ነዋ! እኔ ሄጄ አይልሃለሁ።»

ቀልድ መስሎን ሳቅን። ፓስፖርት ስታወጣ ሳቃችን ቀነሰ። ቪዛው ሲመታላት ወሬው መሳለሚያ ደረሰ። «ልትታከም ነው» አለ አንዱ። «ኧረ ዕቃ ልታመጣ ነው» አለ ሌላው። ለጠየቃት ሁሉ መልሷ ያው ነው፦ «ልዝናና ነው። ምነው፣ በርበሬ የሸጠ ሰው መዝናናት ክልክል ነው?»

ዝግጅቱን ግን እንደ ዋዛ አልያዘችውም። ትልቅ ሻንጣ ባሳያት «ይሄ እኔን ሊጎትተኝ ነው» ብላ ጎማው የማይንገዳገድ መካከለኛ መረጠች፤ ከሩቅ እንድትለየው እጀታው ላይ ያሮጌ ነጠላ ጥለት አሰረችበት። ክትባቷን ተወጋች። የፓስፖርቷን ኮፒ ለልጇ ሰጠች። የደም ግፊት ኪኒኗን ከነካርቶኑ በእጅ ቦርሳዋ ከተተች፣ ሻንጣው ቢጠፋስ ብላ። ዶላሩን ግማሹን መቀነቷ ውስጥ፣ ግማሹን ሌላ ቦታ። «የት?» ብላት «አንተን ምን አገባህ» አለችኝ። ቡርሃን የሆቴሉን አድራሻ በነሱ ፊደል አስጽፎ አመጣላት፣ ለታክሲ የምታሳየው። ጎረቤቷ እድላዊት «ድርቆሽ ያዢ እትዬ፣ እዚያ እኮ እባብ ነው የሚበሉት» ብትላት፣ «እኔ ሩዝ እበላለሁ፤ እባቡን ላንቺ አስቀምጥልሻለሁ» አለቻት።

የቀረው የኤርፖርቱ ጥያቄ ነበር። ትምህርቱን ስምንተኛ ላይ ብተወውም ሰው በማስመሰል የሚደርስብኝ የለም። ቡርሃን እንደነገረኝ የፓስፖርት ሰውዬውን ሆኜ፣ አገጬን ቀብሬ፣ በአፍንጫዬ እያወራሁ ጠየቅኳት።

«ለምንድነው የመጣሽው?»

«ሆሊዴይ።»

«የምትሸጪው ዕቃ አለ?»

«ሆሊዴይ አልኩህ!»

«ሻንጣሽን ራስሽ ነሽ ያዘጋጀሽው? ውስጡ ያለውን ሁሉ ታውቂዋለሽ?»

 ዞር ብላ ከመደቧ ስር የተከመረውን ጥቅል አየች። እኛ ጋ ሰው አገር ሊወጣ ነው ከተባለ ሰፈሩ ሁሉ ጥቅል ይዞ ይመጣል፤ ለልጄ፣ ለእህቴ፣ ለጎረቤቴ ባል ወንድም። አቡጀዲ ውስጥ ይደረግና ዙሪያውን በወፍራም ክር ተሰፍቶ ስም ይጻፍበታል። የተሰፋን ክፈት ማለት ሰውየውን ሌባ እንደማለት ነው። አልይዝም ማለት ደግሞ ከዚያ ይብሳል።

«አላውቀውም» አለች። «ምኑንም አላውቀውም።»

«እንግዲያው ወደዚህ ነይ!» ብዬ እንደ ካቴና እጇን ቀጨም አደረግኩት። አልሳቀችም።

በማግስቱ ሰፌዷን መደቡ ላይ አስቀምጣ ጮኸች። «የተሰፋ አልይዝም! መላክ የፈለገ ከፍቶ ሰፌዱ ላይ ያፍስስ! ሰፌዱ ላይ ያረፈ ሁሉ ይፈተሻል!»

ተራው ተንጫጫ። አንዳንዱ ጥቅሉን አንስቶ እያጉረመረመ ሄደ፤ ሌላው እያፈረ ፈታ። በሶ ፈሰሰ፣ ቆሎ ፈሰሰ። እሷም በርበሬ እንደምትለቅም በጣቷ እየበተነች ታያለች።

ያኔ ነው ጋሼ አስናቀው የመጡት። የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ ሳይስሉ አያወሩም።

«እህም። ውባንቺ። ይቺን ለወንድሜ ልጅ። እህም። ሽሮ ናት።» ጥቅሉን ሰፌዱ ላይ ጣል አደረጉት። ዙሪያውን ጥብቅ ተደርጎ ተሰፍቷል።

«ይክፈቱልኝ ጋሼ።»

«እኔን ነው?»

«እርስዎን ነው።»

«የባልሽን ድንኳን ማን አስተከለ?»

«እርስዎ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይክፈቱልኝ።»

ጋሼ ዙሪያውን አዩ። ተራው ሥራ አቁሟል። ሳል እንኳን ሳይቀድማቸው «ነገ ስትሞቺ ማን እንደሚቀብርሽ አስበሽበታል?» አሏት።

እኛ ሰፈር ከዚህ የከፋ ማስፈራሪያ የለም።  እትዬ ውባንቺ ጆንያ የምትቀድበትን ምላጭ አነሳች።

«ስሞት ጉድጓዱን አላየውም ጋሼ። ባህሩን ግን በቁሜ ነው የማየው!» ብላ ክሩን ከዳር እስከ ዳር ተረተረችው።

ሽሮው ተዘረገፈ። ከሽሮው መሃል በላስቲክ የተጠቀለለ ደረቅ ጫት ወጣ።

«ቅጠል እኮ ነው!» አሉ ጋሼ። «እዚህ በየበሩ አይደል የሚሸጠው? ልጁ ያለሱ ሥራ አይሆንለትም። ምን ነውር አለው?»

«እዚያ ክልክል ነው ጋሼ» አለ ቡርሃን ከሱቄ በር ላይ ሆኖ። «በዚሁ የታሰረ ሰው አውቃለሁ።»

ሊያሳስሯት አስበው አልነበረም፤ ለሳቸው እውነትም ቅጠል ነው። እሷ ግን አልለሰለሰችም። «ለእርስዎ ቅጠል፣ ለኔ ወህኒ ቤት! ሽሮውን አደርስለታለሁ፤ ይሄንን ይያዙልኝ።»

ሁለቱንም አፍሰው «በእድሩ እንገናኛለን» ብለው ሄዱ።

የሄደች ቀን ሻንጣዋ ግማሹ ባዶ ነበር። ታክሲው ላይ ስጭንላት በአፍንጫዬ «ውስጡ ያለውን ታውቂዋለሽ?» አልኳት።

«እስከ መርፌው!»

ስትመለስ አፍንጫዋ ተልጦ፣ ትልቅ የሰሌን ባርኔጣ ደፍታ ነበር። በዚያው ሰሞን እድር ተሰበሰበ። ጋሼ አስናቀው ሶስት ጊዜ ስለው «ዳኛ በአደባባይ የደፈረች አባል ከእድሩ ትውጣ» ብለው ጉዳዩን አቀረቡ። ሰው አቀርቅሯል። እትዬ ውባንቺ ከነባርኔጣዋ ተነሳች። «ነገም የተሰፋ ቢመጣ እተረትረዋለሁ! የምታስወጡኝ ከሆነ አሁን ንገሩኝ፤ በርበሬዬን ትቼ ነው የመጣሁት።»

 ከዚያ ከኋላ አግዳሚ እድላዊት እጇን አወጣች።

«እትዬ፣ ግን ውሃው ይሞቃል?»

«ይሞቃል!» አለች። «እስከ አንገቴ ገባሁበት!»

ሴቶቹ አግዳሚያቸውን እየጎተቱ ከበቧት። ጋሼ ጠረጴዛውን መቱ፣ ሳሉ፣ ደግመው መቱ። የዞረላቸው የለም።