የሰላማዊትን ካርታ ይዤ ወደ እንጦጦ

ጠዋት ከሾላ ገበያ ስነሳ ለአለቃዬ «መረጃ ላጣራ ነው» ብዬዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን የወጣሁት የሰላማዊትን ስህተት ፍለጋ ነው።

ሰላማዊት የሥራ ባልደረባዬ ናት። መሥሪያ ቤታችን የካ ውስጥ አንድ የሕፃናት ማቆያ ሊከፍት ስላሰበ ሁለታችንም ለቦታው ካርታ ሠራን። የእኔ ካርታ ሾላ ገበያ አጠገብ ይሁን አለ። የእሷ ደግሞ እንጨት ለቃሚ እናቶች የሚኖሩበት፣ እንጦጦ ወገብ ላይ ያለ ሰፈር ይሁን አለ። ቤት ለቤት አስቆጥራ እያንዳንዱን ሕፃን በሰማያዊ ነጥብ ስላሳየችው ሰፈሩ ነጥብ በነጥብ ሆኗል። አለቃችን የእሷን ግድግዳ ላይ ለጠፈው፤ የእኔን «ጥሩ ሙከራ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ግድግዳ በኩል ማለፍ ትቻለሁ። ውሳኔው ዓርብ ነው።

ፈረንሳይ

ሙዝ ገዝቼ፣ ሁለት ታክሲ ቀይሬ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ደረስኩ። ታሪፉ እንደገና ጨምሯል። ሻይ በፓስቲ ቀማምሼ አቀበቱን ተያያዝኩት። ሌሊት ስለዘነበ የባሕር ዛፉ ቅጠል ያንሸራትታል። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ሲወርዱ መንገድ እለቅላቸዋለሁ። ልጆች ይከተሏቸዋል። የእኔ ዓይን ግን ስልኬ ላይ ካለው ካርታ አልተነሳም።

ሰፈሩ

ነጥቦቹ በበዙበት ቦታ ያገኘሁት የተቆለፈ በርና ሁለት ዶሮ ነው። ልጅ የሚባል የለም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፎቶ አነሳሁ።

አንዲት ሴት ከትንሽ ልጇ ጋር ደጅ ላይ እንጨት ታስራለች። ስሟ ጫልቱ ነው።

«ልጆቹ የት ሄዱ?» አልኳት።

«ከእናቶቻቸው ጋር ወርደዋላ። ለማን ጥለናቸው እንሄዳለን?»

«ሲቆጠሩ ግን ሁሉም እዚህ ነበሩ።»

ሳቀች። «ሊቆጥሩን የመጡት እኮ በማርያም ቀን ነው። በማርያም ማን እንጨት ይነካል? ሁላችንም ቤት ነበርን።»

ላቅፋት ምንም አልቀረኝም። ሰላማዊት ሰው ቤቱ ይገኛል ብላ በዓል መርጣለች።

«ታዲያ በሥራ ቀን የት ይውላሉ?»

«ነይ እህቴ፣ አሳይሻለሁ» አለችና ሸክሟን አነሳች። ልጇን በኦሮምኛ «ኮቱ»፣ ነይ፣ ብላ ጠራቻትና ተያይዘን ወረድን።

አስፋልቱ ዳር

የእግር መንገዱ ከአስፋልቱ በሚገናኝበት ቦታ አንድ የግንብ አጥር አለ። ጠዋት ሳልፍ ልብ አላልኩትም። ልጆቹ ጥላው ሥር ተደርድረዋል፤ እናቶቻቸው እንጨቱን ሸጠው እስኪመለሱ እዚያ ይቆያሉ። ጫልቱ ልጇን መሃላቸው አስቀመጠቻትና «መኪናውን እንዳትጠጊ» ብላት ሄደች። ወዲያው አንድ ሲኖትራክ ጭሱን እያለበሰን አለፈ። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች፤ ለምዳዋለች።

ያንን አጥር በእኔም በሰላማዊትም ካርታ ላይ አታገኙትም። ሙዙን አከፋፍዬ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ዓርብ «ቆጠራው የተደረገው በበዓል ቀን ነው» ብል ይበቃል፤ ማቆያው ወደ ሾላ ይመጣል፣ የእኔ ካርታ ይለጠፋል። እነዚህ ልጆች ግን እዚሁ ይቀራሉ። እንዲያም ሆኖ እንደዚያ ማለቱ አማረኝ፤ አልዋሽም።

ቢሮ

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ለሰላማዊት ነገርኳት። የቁልፎቹን ፎቶ ግን ቀስ እያልኩ፣ አንድም ሳልዘል ነው ያሳየኋት። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ካርታውን ከግድግዳው አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«የሚቀመጡበትን አሳዪኝ።»

በጣቴ አሳየኋት። ቀይ ነጥብ አደረገችበት፤ ከሥሩም ስሜን ከስሟ አስቀድማ ጻፈች።

«ስህተቴን ፍለጋ ነበር አይደል የወጣሽው?» አለችኝ እየሳቀች። «ምቀኛ አታሳጣኝ የሚባለው ለካ ለዚህ ነው።»

ዓርብ ማቆያው ቀዩ ነጥብ ጋ እንዲሠራ ተወሰነ። ልጅ መቆጠር ያለበት እናቱ ሥራ በምትውልበት ቀን መሆኑን ከዚህ ጉዞ ተምሬያለሁ። ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም። ፊት የምቀናው በካርታዋ ነበር፤ አሁን ስሜን አስቀድማ በጻፈችበት እጇ ሆኗል። እኔ ብሆን የእሷን ስም አልጽፈውም ነበር።