የዘገየችው ጣት

ጣቴን የመታት የገዛ ቤቴ የቆርቆሮ በር ነው። ናዝሬትን የሚያውቅ ሰው የነፋሷን ጠባይ ያውቃል፤ አቧራውን ከሜዳ ሰብስቦ ወደ ከተማው ሲገባ፣ ያልተቀረቀረ በር ፈልጎ የሚዞር ይመስላል። መቀርቀሪያውን ልዘጋ ቀኝ እጄን በዘረጋሁበት ቅጽበት በሩ ተመልሶ መጣና አመልካች ጣቴን ከመቃኑ ጋር አጣበቃት። አጥንቷ ተሰነጠቀ እንጂ አልተሰበረም። በጤና ጣቢያ አሰሩልኝ። ማሰሪያው ሲፈታ ግን ጣቴ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጥ ብላ ቀረች፤ አልታጠፍ አለች።

ያየኝ ሁሉ «ቀላል ነው፣ እግዚአብሔር ይማርህ» እያለኝ ያልፋል። ቀላልነቱ ለሚያልፈው ነበር። እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ የማስተምር ሰው ነኝ፤ ጠመኔ ያለ አመልካች ጣት አይጨበጥም። በዚያ በሰባዎቹ መጨረሻ ደግሞ ጠመኔ ለእኔ እንጀራ ማግኛ ብቻ አልነበረም። ሰው ንግግሩን መጥኖ በሚናገርበት ዘመን፣ በአደባባይ ቆሜ ያለ ስጋት እስከ መጨረሻው የምናገረው ነገር ቢኖር አንድ የሒሳብ ማረጋገጫ ነው።

ባለቤቴ በአሰላ መንገድ ሁሩታ ድረስ ወስዳ ለአንድ የታወቁ ወጌሻ አሳየችኝ። ሽማግሌው እጄን በቅቤ አሽተው፣ መገጣጠሚያዋን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ።

«አካም ጅርቱ፣ እንደምን ነዎት መምህር። እስቲ ያጥፏት።»

«አልታጠፍ ብላኝ እኮ ነው የመጣሁት፣ አባቴ።»

«ሥራ ይስጧታ! ቀኑን ሙሉ እያዩ ካዘኑላት እንደ ቅምጥል ልጅ ትሆናለች። ክረምቱና ብርዱ ሳይገባ ካልተላወሰች፣ እንዲሁ እንደቆመች ትቀራለች።»

ለአንዲት ጣት የሚሆን ሥራ ማግኘት እንዲህ ቀላል አይደለም። ያገኘሁላት ከባለቤቴ ታናሽ ወንድም ዕቃ መካከል ነው። እሱ በመልካሳ እርሻ ምርምር ጣቢያ በዝናብ አጠር አካባቢ ሰብሎች ላይ ይሠራል፤ ውጭ አገር ተምሮ ሲመለስ ከመጻሕፍቱ ጋር አንድ ኮምፒዩተር ይዞ መጥቶ ነበር። ቁልፎች የተደረደሩበት፣ ከመካከለኛ መጽሐፍ የማይበልጥ ጥቁር ዕቃ ነው። የራሱ መስታወት ስለሌለው ከቴሌቪዥን ጋር ይያያዛል። ቴሌቪዥን የነበረው እኛ ቤት በመሆኑ ዕቃውን እኛ ዘንድ አስቀምጦ፣ ወደ አቦምሳ ለማሳ ሥራ ወጣ።

«ጋሼ፣ ይሥሩበት» አለኝ ሲሄድ። «እንደ ተማሪዎችዎ አይደለም፤ ስንት ጊዜ ቢያስደግሙት አይሰለችም።»

የቴሌቪዥን ሥርጭት የሚጀምረው ወደ ማታ ስለነበር፣ ቀን ቀን ከትምህርት ቤት ውጭ ባለው ሰዓት መስታወቱ የእኔ ነበር። መመሪያውን እያነበብኩ፣ በግራ እጄ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየለቀምኩ፣ ማሽኑ የሚታዘዝበትን ቋንቋ ተማርኩ። ከሁሉ የገረመኝ መርሳቱ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ያስተማርኩትን ሁሉ ይረሳል፤ እንዳይረሳ ከተፈለገ ትምህርቱ በቴፕ ካሴት ላይ ተቀድቶ፣ በማግስቱ እንደገና ይጫንለታል። ካሴቱ ሲጫን ፉጨትና ጩኸት የተቀላቀለበት ጆሮ የሚሰነጥቅ ድምፅ ያሰማል። ድምፁን አልቀነስኩትም፤ ጭነቱ በደኅና መሄዱን የማውቀው በጆሮዬ ነበርና።

በመጨረሻ ለጣቴ ሥራ የሚሆናትን ፕሮግራም ጻፍኩ። መስታወቱ ባዶ ሆኖ ይቆይና፣ መቼ እንደሆነ ሳይታወቅ አንድ ነጭ አራት ማዕዘን ብቅ ይላል። ያን ጊዜ በታመመችው ጣት ቁልፍ መጫን ነው። ማሽኑ የዘገየሁትን ያህል በቁጥር ይነግረኛል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጣቴ ፈጥናለች ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ደጋግሜ አማካዩን እወስድ ነበር።

የገዛ ጣቴን እንደ ባዕድ ፍጥረት ማጥናት እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አላሰብኩም። ጠዋት ትዘገያለች። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ከቆየች ትፈጥናለች። ግራ እጄን ብጨብጥ እሷም ተከትላ ልትታጠፍ ትሞክራለች፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ እያለች፣ «እኔንም አንድ ቀን እንዲህ አትኩረህ ብታየኝ ምን አለበት?» ትለኛለች። ቁጥሩ ቀስ በቀስ ወረደ፤ መገጣጠሚያዋም ላላ ማለት ጀመረ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የቀበሌያችን የጥበቃ ኃላፊ በራችንን አንኳኳ። ቀድሞ የጭነት መኪና ረዳት የነበረ፣ ሲራመድ መሬቱን የሚቆጣ ሰው ነው። ጠመንጃውን እንዳነገተ ደፉ ላይ ቆመ።

«ጓድ መምህር፣ እዚህ ቤት በየቀኑ የሚጮኸው ምንድን ነው?»

«ካሴት ነው፣ ጓድ።»

«ካሴትማ አውቃለሁ። ካሴት ይዘፍናል። ይሄ እኮ ያላዝናል!»

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የውጭ ጣቢያ ማዳመጥ በሚያስጠረጥርበት በዚያ ዘመን፣ መንግሥት ጣቢያዎቹን የሚያፍንበት ጩኸት ከእኔ ካሴት ጩኸት የሚለይ አልነበረም። ሰፈሩ በሙሉ፣ ዝምተኛው መምህር ቀን በቀን የታፈነ ራዲዮ ያዳምጣል ብሎ ሲንሾካሾክ ከርሟል።

«ጣቱን ነው የሚያሠራበት» አለች ባለቤቴ።

«በቴሌቪዥን?»

«አዎ፣ በቴሌቪዥን።»

«እትዬ፣ እኔን ሕፃን አደረጉኝ እንዴ?»

ካሴቱን ጭኜ አሳየሁት። ነጩ አራት ማዕዘን ብቅ ሲል ደንግጦ ወደ ኋላ አለ፤ መደንገጡ ደግሞ አናደደው። ባለንብረቱ መጥቶ እስኪያስረዳ ድረስ ዕቃው በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ይቀመጣል ሲል ወሰነ። የባለቤቴ ወንድም ከአቦምሳ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። ክረምቱ ግን መቼ እንደሚገባ የታወቀ ነው። ለዓመታት በቀበሌ ስብሰባ ከኋላ ወንበር ተነሥቼ የማላውቅ ሰው፣ ያን ቀን አፌን ከፍቼ ለመንኩ።

«ጓድ፣ ዕቃው ይቀመጥ። ጣቴ ግን ካልሠራች ትደርቃለች። እዚያው መጥቼ ልሥራ።»

ጢሙን እያሻሸ አሰበ። «እኛ ፊት ከሆነ ይሁን። ምን እንደሚሠሩም እናያለን።»

በቀበሌው አዳራሽ ለሕዝብ የተቀመጠ ቴሌቪዥን ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ እየሄድኩ፣ በመፈክሮቹ ሥር ተቀምጬ ጣቴን ማሠራት ጀመርኩ። ኃላፊው ከኋላዬ ቆሞ ይመለከታል። በመጀመሪያው ቀን ቁጥሩ ወደ ላይ ወጣ። በማግስቱም አልወረደም።

ነገሩ እንቆቅልሽ ሆነብኝ። ጣቴ ብሶባታል እንዳልል፣ ቤት ስመለስ ከበፊቱ የበለጠ ትታጠፋለች። ወንበሩ ዝቅ ብሎ ይሆናል ብዬ የቤቴን ወንበር ተሸክሜ ሄድኩ፤ ለውጥ የለም። እጄን ለብ ባለ ውኃ ነክሬ ሄድኩ፤ ለውጥ የለም። ብርሃኑ ይሆናል ብዬ ቴሌቪዥኑን ከመስኮቱ አዞርኩት። ኃላፊውም ሳይታወቀው በነገሩ ገባበት።

«ዛሬስ? ኧረ ጨመረች! ምን ነካት ይቺ ጣት? ቤትዎ ስንት ነበረች?»

ነገርኩት። ቁጥር መደበቅ አልችልበትም።

አንድ ቀን በስኳር ሰልፍ ላይ ጠብ ተነሣና ኃላፊው ተጠርቶ ወጣ። እሱ ሳይኖር ቁጥሩ ወረደ። ሲመለስ ተመልሶ ወጣ። ያን ጊዜ እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሣሁ። ከፊቴም ከአንደበቴም እንዳይነበብ ለዓመታት የጠበቅሁትን ፍርሃት፣ ይህ መርሳት እንጂ መዋሸት የማያውቅ ዕቃ በቀበሌው ቴሌቪዥን ላይ በግልጽ አሃዝ ጽፎታል። የሚያስፈራው መጻፉ ብቻ አይደለም፤ ከኋላዬ የቆመው ሰው ለቀናት ያንኑ ቁጥር አብሮኝ ሲያነብ መክረሙ ነው።

እሱም ነገሩ እስኪገባው ብዙ አልቆየም።

«መምህር።» ጓድ አላለኝም። «እኔ ስቆም ነው እንዴ የምትዘገየው?»

«ቅዝቃዜው ይሆናል» አልኩ።

«በግንቦት? በናዝሬት?»

 ቢቆጣ ዕቃውም ጣቴም አበቃላቸው። ኃላፊው ወንበር አንሥቶ ወደ በረንዳው ወጣ፤ በሩንም ሳበው። እኔም ሠራሁ። መሥራት አልነበረብኝም ይሆናል፤ ግን ማወቅ ፈለግሁ። አማካዩ ቤቴ ካገኘሁት ሁሉ አነሰ። ላጠፋው እጄን ስዘረጋ በሩ ተከፈተ። መጥቶ ከመስታወቱ ፊት ጎንበስ አለ፤ ቁጥሩን አነበበ። እኔን አላየም፤ እኔም ቀና አላልኩም። ቴሌቪዥኑን ራሱ አጥፍቶ፣ «ነገ በሰዓትዎ ይምጡ» አለኝ።

በማግስቱ ስደርስ ወንበሩ ቀድሞ በረንዳው ላይ ወጥቷል። ከዚያ ወዲያ በሩ ተዘግቶ ስሠራ፣ ለስኳር ኩፖን የሚመጡትን ሲመልስ ድምፁን እሰማው ነበር። «ቆይ እናንተ! መምህሩ ጣታቸውን እያሠሩ ነው። ምን? የጣት ስብሰባ ነው አልኩ!» ሰዎቹ ይስቃሉ፤ እሱም ይስቃል።

የመጀመሪያው ዝናብ የአዳራሹን ቆርቆሮ መደብደብ የጀመረው እንደዚሁ እየሠራሁ ሳለ ነው። በረንዳው ጠባብ በመሆኑ ውኃው እስከ ግድግዳው እንደሚረጭ አውቃለሁ። ጣቴን አጠፍኳት። መዳፌ ላይ አልደረሰችም፤ በመካከላቸው የቀረው ክፍተት ግን ከጠመኔ ውፍረት አይበልጥም ነበር። ቁጥሩን ለማየት ቀና አላልኩም።

«ጓድ፣ ይግቡ፤ ይረጥባሉ» አልኩ።

«ጨረሱ?»

«ጥቂት ይቀረኛል።»

«እንግዲያው ይጨርሱ» አለ ከውጭ፣ ወንበሩን ወደ ግድግዳው እየጎተተ።