የአባቴ ልብ በስልኬ ላይ

ለአባቴ የልብ ምት ቆጥሮ ወደ ስልኬ የሚልክ ሰዓት ካሰርኩላቸው ቀን ጀምሮ ቁጭ ብዬ መሥራት አቃተኝ። ልባቸውን ያማቸዋል፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ ጢቾ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። መጀመሪያ «ቃጭል አሰረችልኝ» እያሉ ሲያሾፉብኝ ነበር፤ ኋላ ለመዱት። እኔ ነኝ ያልለመድኩት። አሰላ ቢሮዬ ውስጥ ባለጉዳይ ፊቴ ቆሞ ዓይኔ ስልኬ ላይ ነው። ሰባ ሁለት። ሰባ አምስት። ሰማንያን ካለፈ አላስቀምጥ ይለኛል።

ለሶላት ሲታጠቡ፣ ዉዱእ ሲያደርጉ ስለሚያወልቁት ቁጥሩ በቀን አምስቴ ይጠፋል። ሰግደው ሲጨርሱ መልሰው ያስሩታል።

አንድ ቀን ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ ቁጥሩ መቶ ሠላሳ ሆኖ ተመለሰ። ደወልኩ፤ አያነሱም። ደግሜ ደወልኩ። መስጊድ ሲገቡ የስልኩን ድምፅ ያጠፉና መክፈቱን ይረሳሉ። ይህን አውቃለሁ፤ ግን ማወቄ ምን ይፈይዳል? ለአለቃዬ እንኳ ሳልናገር ወጥቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሾፌሩ ሰው ለመጫን በየቦታው ሲቆም ላንቀው ምንም አልቀረኝም። መቶ ሠላሳ አምስት። እኔ በሐሳቤ ለአባቴ ቀብር ዘመድ ጠርቼ ጨርሻለሁ።

ስደርስ አባቴ ከጎረቤታቸው ሽማግሌ ጋር ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሰዓቱ የታሰረው ሽማግሌው እጅ ላይ ነው።

«አባባ፣ ምን ነካዎት? ገደሉኝ እኮ» አልኳቸው፤ እንባዬ መጣ።

«ልቤ ትደልቃለች ሲለኝ አሰርኩለት» አሉ ረጋ ብለው። «የሚያይለት ልጅ የለውም። አንቺ ታይለታለሽ ብዬ ነው።»

ንዴቱም ድንጋጤውም ተደበላለቀብኝ። ሽማግሌውን በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ስለነበር መድኃኒት ሰጥተው አስተኟቸው። ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ስንጠብቅ አባቴን ወረድኩባቸው። ሰዓቱ የእርስዎ ነው፤ ለማንም አይስጡ፤ እኔ እኮ እንዴት እንደዋሉ የማውቀው በእሱ ነው፤ በየደቂቃው ነው የማይዎት አልኳቸው።

እስክጨርስ ድረስ ፊቴን ትኩር ብለው ሲያዩ ቆዩ።

«ከስተሻል» አሉኝ። «አንቺስ በየደቂቃው ታይኛለሽ። እኔ ግን ከረመዳን ወዲህ አላየሁሽም።»