ሆዱ ያልተፋቀው ማጨጃ

መሐል ሜዳ ከተማ ስማር የትምህርት ቤታችን አትክልተኛ ተቀምጠው የሚነዱትን የሣር ማጨጃ ማሽን አያያዝ አስተማሩኝ። "ሞተሩን አጥፋ፣ ቁልፉን ንቀል፤ ከዚያ ሆዱ ላይ፣ ስለቱ ዙሪያ የተጣበቀውን ሣር ፋቅ" ይሉኝ ነበር።

በመጨረሻው የአጨዳ ቀን ጽዳቱን ለእኔ ተዉልኝ። እንዲያመሰግኑኝ ጓጉቼ ጀርባውን ብቻ እስኪያብለጨልጭ ወለወልኩና፣ ላብ እንዳጠመቀው ፈረስ ብርድ እንዳይመታው ብዬ የሱፍ ዝተት አለበስኩት።

ክረምት ገብቶ ዝተቱን ስንገልጥ ስለቱ ከነሣሩ ዝጎ አልዞር አለ። ርዕሰ መምህሩ "አደራ የሚጠበቀው እንዲህ ነው?" ብለው ቁልፉን ከአትክልተኛው ተቀበሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ዝተቱን አጣጠፍኩ፤ አትክልተኛውም ስሜን አላነሱም።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ለዕረፍት ስመለስ፣ አትክልተኛውን ያንኑ የትምህርት ቤቱን ሜዳ በማጭድ ሲያጭዱ አገኘኋቸው። "የኛ ተማሪ! ደህና ገባህ?" ብለው ሳሙኝ። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ከፍቼ፣ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሼ" ብቻ አልኩ።