አንዲት ኮፒልያና አንዲት «እ»

ካናዳ የገባሁት የአሥራ ሰባት ዓመት የአውሮፕላን መካኒክነት ይዤ ነው። ሙያ እዚህ አገር ድንበር ላይ የሚፈተሽም የሚመዘገብም ዕቃ አለመሆኑን ያወቅኩት ግን ቆይቼ ነው። ባለቤቴ ስፖንሰር አድርጋ ያመጣችኝ ሬክስዴል የሚባል ሰፈር ወዳለው አፓርታማዋ ነበር፤ ቤቱ አውሮፕላኖቹ ለማረፍ ዝቅ የሚሉበት መንገድ ሥር ስለሆነ ጎማቸውን ዘርግተው በበረንዳችን አናት ሲያልፉ ሆዳቸው ይታየኛል። የትኛው ሞተር እንደሚያቃስት ከአልጋዬ ሳልነሳ አውቃለሁ። ከዚያ ተነስቼ መጋዘን እሄድና የውሻ ምግብ ካርቶን ስደረድር እውላለሁ።

ማመልከቻ ያስገባሁበት ቦታ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ ካናዲያን ኤክስፒሪየንስ። ያለ ካናዳ ልምድ ሥራ አይሰጥም፣ ያለ ሥራ ደግሞ የካናዳ ልምድ አይገኝም። ኢስት ዮርክ የሚኖሩት የባለቤቴ አጎት ሠላሳ ዓመት የቆዩ ሰው ናቸው፤ ምክራቸው ሁልጊዜ «አድጀስት ማድረግ አለብህ፣ ልጄ» የሚል ነበር። እሺ ብዬ ሬዙሜዬን፣ የሥራ ታሪኬን ወረቀት፣ አድጀስት አደረግኩ። መጀመሪያ ከአሥራ ሰባቱ ዓመት አሥሩን ሰረዝኩ፣ ቀጥዬ ዲፕሎማዬን አወጣሁ። እየቀነስኩ በሄድኩ ቁጥር የቀጣሪዎቹ ፊት እየተፈታ መጣ፤ ጨርሶ ባዶ ወረቀት ብልክ ኖሮ ሥራ አስኪያጅ የሚያደርጉኝ ይመስለኝ ነበር።

መፍትሔውን ያገኘችው ባለቤቴ ናት። የምትሠራው የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው፤ ከምትንከባከባቸው አሮጊቶች የአንዷ ባል በየቀኑ ሚስታቸውን ሊጠይቁ ይመጣሉ። ሰውየው ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን መካኒክ ሲሆኑ፣ ከጥቂት ጡረተኛ ጓደኞቻቸው ጋር አንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ የጥንት አውሮፕላን እየሠሩ ነበር። «ቮለንቲር አድርግ፤ ደስ ካላቸው ደብዳቤ ይጽፉልሃል» አለችኝ። በነፃ መሥራት አገሬም አውቀዋለሁ፤ እንዲህ በፈገግታ ግን አልነበረም።

አውሮፕላኑ እንዲህ ነበር። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ፣ የአውሮፕላን ክንፍ አንዴ ከተቸነከረ በኋላ እንደተቸነከረ በሚቀርበት ዘመን፣ አንድ ሰው ተነስቶ ክንፉ በበረራ ላይ መዘንበልና መቃናት አለበት አለ። ለመነሳት ቀና፣ ለመፍጠን ጋደም። ይህ አልበቃ ብሎት የፕሮፔለሩም ብሌዶች መኪና ማርሽ እንደሚቀይር ሁሉ አቅጣጫቸውን መቀያየር አለባቸው አለ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ዛሬ ስንት ፕሮፔለር የሚሠራው በዚሁ ብልሃት ነው። ቅር የሚያሰኘው የሰውየው የራሱ አውሮፕላን ብቻ በቅጡ አለመብረሩ ነው። የእኛም ቅጂ እንዳይበር ኢንሹራንሱ ከልክሎታል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በሚሊሜትር እየለኩ፣ የማይበር አውሮፕላን ሲሠሩ ኖረዋል። ገና ሳየው ወደድኩት። ካናዳ ከገባሁ ጀምሮ እጄ እጄ ሆኖ የተሰማኝ የዚያን ቀን ነው፤ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ።

ትዕዛዝ የሚሰጡት ሽማግሌው፣ የአሮጊቷ ባል፣ ነበሩ። በእንግሊዝኛ አንቱ የሚባል ነገር ስለሌለ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ «ሰር» ስል ሰነበትኩ፤ በሳምንቱ ወታደር አይደለሁም ብለው ከለከሉኝ። ከዚያ ወዲያ በአፌ አንተ፣ በልቤ አንቱ እያልኩ ሠራሁ። ሌላው ችግር የሙያ ቃሌ ነው። እኛ አገር መካኒክ ሲባል ቋንቋው ግማሹ ጣልያንኛ ነው፤ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ። አንድ ቀን ክንፉን ስገጥም እጄን ዘርግቼ «ዳዶ!» አልኩ፣ ቡሎን ጫፍ ላይ የምትጠብቀዋን፣ ለውዝ የምታህለዋን ብረት አቀብሉኝ ማለቴ ነው። እዚህ አገር ግን አናጢዎች ዳዶ የሚሉት እንጨት ላይ የሚቆፈር ቦይ ኖሯል። ከጡረተኞቹ አንዱ የሆነው አናጢያችን እንጨቱን ከፊቴ አነሳና ሄደ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲመለስ ቦይ ቆፍሮበት ነበር። ሥራው ያማረ ስለነበር ማንም አልተቆጣም፤ እንጨቱን ግን እንደገና ሠራነው።

በበጋው መጨረሻ አካባቢ እንግዶች ተጠርተው ሞተሩ የሚነሳበት፣ ክንፉም ፕሮፔለሩም ሲዘዋወር የሚታይበት ቅዳሜ ተወሰነ። ሽማግሌው ለብቻዬ ጠርተው፣ ከአየር ማረፊያው አጠገብ የአውሮፕላን መጠገኛ ሃንጋር የሚመራ ወዳጃቸው እንደሚመጣ፣ ሰውም እንደሚፈልግ ነገሩኝ። ቀኑ በሰላም ካለፈ ደብዳቤውን ይጽፉልኛል። ከውሻ ምግብ የምገላገልበት በር እሱ ብቻ ነበር፤ ይህን እኔም እሳቸውም እናውቃለን።

ቅዳሜ ጠዋት ፕሮፔለሩን የማሰር ሥራ የእኔ ነበር። ሁለቱ ብሌዶች እያንዳንዳቸው በሁለት ቡሎን ይታሰራሉ፣ በእያንዳንዱ ዳዶ ላይ ደግሞ ኮፒልያ ይገባል። ኮፒልያ የሴት ፀጉር ማስያዣ የመሰለች ቀጭን ሽቦ ናት፤ ዳዶው በንዝረት እንዳይፈታ በቀዳዳው ገብታ ጫፏ ይታጠፋል። ሦስቱን አስገብቼ አራተኛዋን በጣቴ እንደያዝኩ ሽማግሌው ተጣሩ። የሃንጋሩ ሰውዬ መጥቷል።

መቼም ሰላምታ ላይ እኛን የሚያህል የለም። ኮፒልያዋን ኪሴ ከተትኩ፣ እጄን ሱሪዬ ላይ ጠረግኩ፣ ቀኝ እጄን በግራዬ ደግፌ ጎንበስ ብዬ ጨበጥኩት። ደህንነቱን ጠየቅኩ፣ የቤተሰቡን ደህንነት ጠየቅኩ፣ መንገዱ እንዴት እንደነበር ጠየቅኩ። ሰውየው ኤግሊንተን ዌስት መንገድ ላይ ስላለው ቁፋሮ አማረረ፣ እኔም አብሬው አማረርኩ። ከዚያ ባለቤቴ መጣች። ክንፉ ሲዘነብል በደንብ እንዲታያት ወንበር ተሸክሜ በግራ ጎን፣ ለእንግዶች መከለያ ከተወጠረው ገመድ ወዲያ፣ ልክ በፕሮፔለሩ ትይዩ አስቀመጥኩላት። በሙያችን አንድ ደንብ አለ፤ ሥራ መሐል የተጠራ መካኒክ ሲመለስ ካቆመበት አይቀጥልም፣ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ይህን ደንብ ለተማሪዎች አስተምሬዋለሁ። ስመለስ ግን ልቤ ሃንጋር ውስጥ ስለነበር ፕሮፔለሩን አየት አድርጌ ጨርሻለሁ አልኩ።

ጆሮ ላይ በሚደረግ ማይክራፎን ነበር የምንነጋገረው፤ የሽማግሌው ጆሮ ደክሟል፣ ሞተሩ ደግሞ ይጮኻል። አውሮፕላኑ ከአሮጌው መጋዘን ፊት ለፊት ሜዳው ላይ በገመድ ተጠፍሯል፣ እሳቸው መቀመጫው ላይ ናቸው፣ እኔ በክንፉ ጫፍ ቆሜያለሁ። ሞተሩ ተነሳ። ክንፉ ቀና ሲል እንግዶቹ አጨበጨቡ። የፕሮፔለሩን ማርሽ ከመቀየራቸው በፊት እንደ ወጉ ጠየቁኝ።

«ብሌዶቹ ታስረዋል?»

«እ» አልኩ።

እዚህ ላይ ይህቺን «እ» ማስረዳት አለብኝ። ሰው ሲጠይቀን ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን የምንላት ናት፤ አዎ፣ እንዴታ፣ ምን ጥርጥር አለው ማለት ናት። ከተወለድን ጀምሮ ስለምናውቃት እንደምንላት እንኳ አናውቅም። ካናዳዊ ግን ትንፋሹን እንዲያ የሚስበው መኪና ሊገጨው ሲል ነው። በማይክራፎን ደግሞ ድምፁ ምን ያህል እንደሚገን አስቡት። ሽማግሌው ወዲያው ሞተሩን አጠፉት።

ፕሮፔለሩ ሲቆም ሽማግሌው ወደ እኔ ተመለከቱ፣ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ምን እንደተፈጠረ አልገባኝም ነበር። ሽማግሌው ወርደው በቀጥታ ወደ ፕሮፔለሩ ሄዱ፣ ጎንበስ አሉ፣ ቆዩ። ከዚያ አራተኛውን ዳዶ በሁለት ጣታቸው ብቻ እያሽከረከሩ አሳዩን። ኮፒልያ የለውም። ግማሹ ድረስ ተፈትቷል። ጥቂት ደቂቃ ቢቆይ ኖሮ ብሌዱ ይወጣ ነበር።

«እሱ ሰማው» አሉ፣ ለእንግዶቹ። «በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ሰማው። አርባ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ጆሮ አላየሁም።»

አጨበጨቡልኝ። የሃንጋሩ ሰውዬ ሰኞ ደብዳቤውን ይዤ እንድመጣ ነገረኝ። እኔም እጄን ኪሴ ከትቼ፣ ኮፒልያዋን በጣቶቼ እየዳበስኩ «ታንክ ዩ» አልኩ። ደብዳቤው ማታ በኢሜይል መጣ፤ አንብቤው የሚናገርለትን ሰው ለመተዋወቅ ጓጓሁ።

እሑድ ባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ሰጠች። ጌታ ለባሌ ጆሮ ሰጠው፣ ሥራም ሰጠው ስትል አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። መጋቢው ደግሞ ማይክራፎኑን ወደ እኔ ዘረጉ። ማይክራፎን ሳይ ትንፋሼን እንዳልስብ ፈራሁና ራሴን በመነቅነቅ አለፍኩት፤ ከትሕትና ቆጠሩልኝ። መኪና ውስጥ ስንገባ ግን አልቻልኩም። ኮፒልያዋን አውጥቼ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት።

ኮፒልያዋን በጣቶቿ አገላበጠቻት። እኔ ስለ ሥራው የምታስብ መስሎኝ ነበር።

«ብሌዱ ቢወጣ ኖሮ ወዴት ነበር የሚሄደው?» አለችኝ።

«ወደ ጎን።»

«እኔ የተቀመጥኩት የት ነበር?»

ወንበሩን ያስቀመጥኩላት እኔ ነኝ፤ ታውቃለች። ቁልፉን ከእጄ ወሰደችና ከመኪናው ወርዳ በእኔ በኩል መጣች፣ ቦታ ተቀያየርን። መንገድ ላይ ምስክርነቱን ታነሺዋለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«ለምን አነሳለሁ? ጌታ አድኖኛል። የተሳሳትኩት ከማን እንዳዳነኝ ነው» አለች።

የነዳችው ወደ ቤታችን መስሎኝ ነበር፤ ያቆመችው ግን የምትሠራበት መኖሪያ በር ላይ ነው። ሽማግሌው ከሚስታቸው አጠገብ ተቀምጠው ሾርባ እያጎረሱ ነበር። ከክፍሉ ውጭ ጠርቼያቸው ነገርኳቸው። ድምፁ በእኛ ዘንድ አዎ ማለት እንደሆነ ሳስረዳቸው መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ሁለት ጊዜ አሰማኋቸው። ሲገባቸው ሊስቁ ነው ብዬ ነበር፤ አልሳቁም።

«ስለዚህ ታስሯል ብለኸኝ ነበር» አሉ።

«አዎ፣ ሰር።»

ሰር ማለቴን አልከለከሉኝም። ያኛውን ደብዳቤ እንዳጠፋው ነገሩኝና በቆሙበት፣ የግድግዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ካለ ወረቀት ጀርባ፣ ሌላ ጻፉልኝ። እጁ ጥሩ ነው ይላል። ቅዳሜ አንድ ኮፒልያ ረስቷል፣ ታስሯል ብሎኝም ነበር፤ ማንም ሳይጠይቀው እሑድ መጥቶ ነገረኝ ይላል። በእንግሊዝኛ አራት መስመር ነው። አትውሰደው ከፈለግክ፣ ሌላ ግን አልጽፍም አሉኝ።

ሰኞ ይዤው ሄድኩ። በአውቶቡሱ ላይ ሦስት ጊዜ ልቀደው ብዬ ሦስት ጊዜ ተውኩት። የሃንጋሩ ሰውዬ አነበበው፣ ገለበጠና ጀርባው ላይ ያለውን የቢንጎ ማስታወቂያም አነበበ፣ መልሶ ገለበጠው። ከዚያ መሣሪያ ክፍል ውስጥ አስቀምጥሃለሁ አለኝ፤ መካኒኮቹ የሚወስዱትን መሣሪያ ጠዋት ትሰጣለህ፣ ማታ ትረከባለህ። አንድ ዓመት አውሮፕላን አትነካም አለ። ትጀምራለህ ብሎ እንጂ ትስማማለህ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም።

ማታ እራት ላይ ያ ሁሉ ትሕትናዬ በኖ ጠፍቶ ነበር። ንዴቴን ለባለቤቴ ዘረገፍኩላት። የአሥራ ሰባት ዓመት መካኒክ ካቻቢቴ አቀባይ ተደረግኩ አልኩ፤ እዚያ ያሉት ልጆች እኔ ሥራ ስጀምር አልተወለዱም አልኩ፤ አንድ ዓመት ሙሉ አውሮፕላን አትንካ ይባላል ወይ አልኩ። ጨርሼ እስክተነፍስ ጠበቀችኝ።

«አንተ በሰውየው ቦታ ብትሆንስ፣ እንዲህ ያለውን መካኒክ ታስነካው ነበር?» አለች።

ቀልድ መስሎኝ ቀና አልኩ። አልነበረም። እንደ ባሏ ሳይሆን እንደ መካኒክ አሰብኩበት፤ ያቺ ወንበር ዓይኔ ላይ ድቅን አለች።

«አላስነካውም» አልኩ።

«እኔም አላስነካውም» አለች። ከዚያ ሳህኑን ወደ እኔ አስጠግታ «ብላ፣ ይቀዘቅዛል» አለችኝ።